በአረንጓዴ ምልክት ሥር የተደበቀ ስሕተት፦ የብረት መጋጠሚያዎችን በነባሪ ደንብ ስለማዘጋጀት የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጥናት ከ600 በላይ የቢም (የአግድም ተሸካሚ ብረት) መጋጠሚያዎች ያሉትን አንድ የብረት መዋቅር በሞዴል ስናዘጋጅ ያጋጠመንን ችግር፣ የችግሩን መንስኤና የተፈታበትን መንገድ ይዘረዝራል። መዋቅሩ ከባድ መሣሪያዎች የሚቀመጡበት ባለ አራት ደረጃ መድረክ ነበር። ዋና ቢሞቹ አይፒኢ 500 (አይፒኢና ኤችኢኤ የ«I» ቅርጽ ያላቸው መደበኛ ብረቶች ስም ናቸው፤ ቁጥሩ መጠናቸውን ያሳያል) ሲሆኑ፣ በእነርሱ ላይ የሚያርፉት ንዑስ ቢሞች ከአይፒኢ 240 እስከ አይፒኢ 400 ይደርሳሉ፤ በጥቂት ቦታዎች ደግሞ ኤችኢኤ 200 ነበረ። ሁሉም ደረጃው ኤስ 275 ከሆነ ብረት የተሠሩ ናቸው።

ከዚያ በፊት በነበረን አሠራር እያንዳንዱ የሞዴል ባለሙያ መጋጠሚያውን ራሱ ይመርጥ፣ የብሎኑን ብዛትና የፕሌቱን (ክፍሎቹን የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ብረት) ውፍረትም ራሱ ይሞላ ነበር። ሦስት ሰዎች በአንድ ሞዴል ላይ ሲሠሩ ተመሳሳይ ጭነት ያለበት አንድ ዓይነት ቢም በሦስት ዓይነት ፕሌት ይታሰራል፤ ወርክሾፑም ለአንድ ሥራ ሦስት ልዩ ልዩ ፕሌት ለመቁረጥና ለመብሳት ይገደዳል። የቢም መጠን በተለወጠ ቁጥር መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ማስተካከል ያስፈልግ ስለነበርም፣ የሚዘለል አይጠፋም ነበር። ስለዚህ በዚህ ሥራ መጋጠሚያዎቹ በሙሉ አስቀድሞ በተጻፈ ደንብ፣ ማለትም በነባሪ ደንብ፣ ራሳቸው እንዲሞሉ ወሰንን።

የምንጠቀምበት ፕሮግራም ተክላ ስትራክቸርስ ነው። በውስጡ ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ሁለት ተያያዥ መሣሪያዎች አሉ፤ እኛም በመጀመሪያ እንደ አንድ ነገር ስንመለከታቸው ቆይተናል። አውቶኮኔክሽን የሚባለው፣ ሁለት ክፍሎች በሚገናኙበት ቦታ የትኛው የመጋጠሚያ ዓይነት ይቀመጥ የሚለውን ይመርጣል፤ በፕሮግራሙ ቁጥር 146 የሆነው ፊን ፕሌት (ከዋናው ቢም ላይ ተበይዶ የንዑሱን ቢም ጎን በብሎን የሚይዝ)፣ ቁጥር 144 የሆነው ኤንድ ፕሌት (በንዑሱ ቢም ጫፍ ላይ ተበይዶ ከዋናው ቢም ጋር በብሎን የሚታሰር) ወይም በአንግል (በ«L» ቅርጽ ብረት) የሚታሰረው ቁጥር 141 ሊሆን ይችላል። አውቶዲፎልትስ ደግሞ ዓይነቱ ከተመረጠ በኋላ በውስጡ የሚገቡትን ዋጋዎች ይሞላል፤ የብሎኑን መጠንና ብዛት፣ በብሎኖቹ መካከል ያለውን ርቀት፣ የፕሌቱን ውፍረትና የብየዳውን መጠን ማለት ነው። ሁለተኛው መሣሪያ የመጀመሪያውን ውሳኔ አይለውጥም፤ ፊን ፕሌት ከተመረጠ ዋጋዎቹን ይቀያይራል እንጂ ወደ ኤንድ ፕሌት አያዞረውም። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ዋና ጉዳይ ሆኖ ስለሚመለስ ከወዲሁ መያዝ ይገባዋል።

ደንቦቹ በዛፍ መልክ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ። አንድ ደንብ በፕሮፋይል (በብረቱ ቅርጽና መጠን) ስም፣ በፕሮፋይል ቁመት፣ ቢሙ በሚያርፍበት አኳኋን (በዋናው ቢም ዌብ፣ በምሰሶ ፍላንጅ ወይም በምሰሶ ዌብ፤ ዌብ የብረቱ የመካከል ሳህን፣ ፍላንጅ የዳርና ዳር ክንፉ ነው)፣ በማዕዘን፣ በንዑስ ክፍሎች ብዛት ወይም በቢሙ ጫፍ ላይ በተመዘገበው ኃይል ሊወሰን ይችላል። ፕሮግራሙ ዝርዝሩን ከላይ ጀምሮ ይፈትሻል፤ የሚስማማውን የመጀመሪያ ደንብ እንዳገኘም ከእርሱ ጋር የተያያዘውን የዋጋ ፋይል ይወስዳል።

የመጀመሪያው አደረጃጀት

የመጀመሪያውን ዝርዝር ያዘጋጀነው በቢሙ ቁመት ላይ ብቻ ተመሥርተን ነበር። ንዑሶቹ ቢሞች የላይ ፊታቸው ከዋናው ቢም ጋር እኩል ስለሚሆን የላይኛው ፍላንጃቸው ወደ 45 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆረጣል፤ ስለዚህ ለፕሌቱ የሚቀረው የዌብ ቁመት ውስን ነው። የመረጥነው ብሎን የጥንካሬ ደረጃው 8.8 የሆነ ኤም 20 (ዲያሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር)፣ ቀዳዳው 22 ሚሊ ሜትር፣ በብሎኖች መካከል ያለው ርቀት 70፣ ከጫፍ ያለው ርቀት 40 ሚሊ ሜትር ነበር። በዩሮኮድ 3 (በአውሮፓ የብረት መዋቅር ደንብ) ክፍል 1-8 መሠረት ዝቅተኛው የጫፍ ርቀት የቀዳዳው ዲያሜትር 1.2 እጥፍ፣ በብሎኖች መካከል ያለው ደግሞ 2.2 እጥፍ ስለሆነ፣ ለዚህ ቀዳዳ 26.4 እና 48.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጠየቃል፤ ያለን ትርፍ ሰፊ ነበር። የፕሌቱን ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ያደረግነውም ሆን ብለን ነው። ፊን ፕሌት የቢሙን ጫፍ በመጠኑ መዞር እንዲፈቅድ የሚፈለግ መጋጠሚያ በመሆኑ፣ በኤስ 275 ብረት ከብሎኑ ዲያሜትር ግማሽ የበለጠ ውፍረት አይመከርም።

በዚህ ስሌት ቁመቱ ከ200 እስከ 259 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢም 2 ብሎን፣ ከ260 እስከ 379 የሆነ 3 ብሎን፣ ከ380 በላይ የሆነ 4 ብሎን እንዲያገኝ ተደነገገ። የፕሌቶቹ ቁመት በቅደም ተከተል 150፣ 220 እና 290 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አይፒኢ 360 በ4 ብሎን ያልታሰረው ከላይ ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው ቀጥተኛ ዌብ ወደ 284 ሚሊ ሜትር ስለሆነና 290ውን ፕሌት ስለማይችል ነው። ከእነዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ለማንኛውም ያልታሰበ ሁኔታ የሚያገለግል ማረፊያ ደንብ አስቀመጥን፤ የሰጠነውም ዋጋ 3 ብሎን ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፕሌት ነበር። ያን ጊዜ አስተዋይነት መስሎን ነበር፤ ምንም ቢፈጠር መጋጠሚያው ባዶ ሆኖ አይቀርም ብለን አሰብን።

የመጀመሪያው ስሕተት በዚያው ቀን ታየ። ኤችኢኤ 200 በስሙ 200 ይባል እንጂ ቁመቱ 190 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ምክንያት ከ200 በሚጀምረው ደንብ ውስጥ አልገባም፤ እስከ ማረፊያው ድረስ ወርዶ 220 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ፕሌት ተሰጠው። ከቢሙ ከራሱ የሚበልጥ ፕሌት ከላይና ከታች ወጥቶ ስለሚታይ ማንም ሰው ሞዴሉን ሲያዞር ያየዋል። በፕሮፋይል ስም የተወሰነ የራሱን ደንብ ጻፍንለትና አለፍን። ይህን የምጠቅሰው ስሕተቱ ከባድ ስለነበረ አይደለም፤ በቶሎ የተገኘበት ምክንያት ከሚቀጥለው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ስለሚናገር ነው።

ጉዳዩ

ሥራው በተጀመረ በስድስተኛው ሳምንት የመጀመሪያዎቹ የወርክሾፕ ሥዕሎች ለምርመራ ተላኩ። መርማሪዋ መሐንዲስ ሥዕሎቹን ከሞዴሉ ጋር ከማመሳከር ይልቅ ከመዋቅር ስሌቱ ያወጡትን የሪአክሽን (ቢሙ በጫፉ ለደጋፊው የሚያስተላልፈው ኃይል) ሰንጠረዥ አጠገባቸው አድርገው ነበር የተመለከቱት። በማግሥቱ ደውለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ «ፓምፑ ከሚቀመጥበት ሥር ያለው አይፒኢ 300 በጫፉ 210 ኪሎ ኒውተን ይዟል፤ በሦስት ብሎን ያሰራችሁት በምን ስሌት ነው?»

ስሌት አልነበረንም። በሞዴሉ ላይ ግን የመጋጠሚያው ምልክት አረንጓዴ ነበር። በዚህ ፕሮግራም አረንጓዴ ማለት መጋጠሚያው ሳይሰናከል ተፈጥሯል ማለት ነው፤ ቢጫ ተፈጥሮ ሳለ ችግር እንዳለበት፣ ለምሳሌ ብሎኑ ከተወሰነው በላይ ወደ ጫፍ እንደቀረበ ያሳያል፤ ቀይ ደግሞ መፈጠር እንዳልተቻለ ይናገራል። ቀለሙ የሚመሰክረው ስለ ቅርጹ ነው። የጥንካሬ ምርመራ ለብቻው ካልተጠየቀ በቀር አረንጓዴው ምልክት ስለ ኃይሉ ምንም አይናገርም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሆኖም በመቶ የሚቆጠር አረንጓዴ ምልክት በአንድ ላይ ሲታይ ዓይን ያርፋል፣ አእምሮም አብሮ ያርፋል።

ስሌቱን በእጅ ሠራነው። አንድ ኤም 20 ብሎን ክሩ በሚቆረጥበት ገጽ ላይ ሲውል የሚሸከመው ሸር (ሊቆርጠው የሚሞክር ኃይል) 94 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ይህም 0.6 በ800 (የብሎኑ ጥንካሬ) በ245 (በክሩ ላይ ያለው ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር) ተባዝቶ ለ1.25 (የደኅንነት ማካፈያ) ሲካፈል የሚገኝ ነው። ሦስት ብሎን 282 ይሆናል ብሎ የሚደመድም ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በፊን ፕሌት የብሎኖቹ መሥመር ከዋናው ቢም ዌብ 50 ሚሊ ሜትር ርቆ ስለሚገኝ፣ ሸሩ ብሎኖቹን ወደ ታች ከመግፋቱ በላይ ያዞራቸዋልም፤ የዳር ብሎኖች ላይ የሚያርፈው አግድም ኃይል ከቁሙ ጋር ሲቀናጅ ከጠቅላላው ሪአክሽን 0.488 ያህሉን በአንድ ብሎን ላይ ያሳርፋል። በዚህ ሒሳብ የሦስቱ ብሎኖች አቅም 193 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው። የሁለት ብሎን አቅም ደግሞ ከሚጠበቀው 188 ወደ 108 ይወርዳል፤ የአራት ብሎን ከ376 ወደ 286። ብሎን ሲያንስ ጉዳቱ በእጅጉ እንደሚከፋ ከእነዚህ ቁጥሮች ይታያል።

ይህም ቢሆን የብሎኑ አቅም ብቻ ነው። የአይፒኢ 300 ዌብ ውፍረቱ 7.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብሎኑ ከመቆረጡ በፊት የዌቡ ቀዳዳ ይጨፈለቃል። ከጫፍ 40 ሚሊ ሜትር ላይ ባለ ቀዳዳ የአንድ ብሎን የመጫን አቅም በዚህ ዌብ ላይ 74 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው፤ የሦስቱም በአንድ ላይ፣ መዞሩ ሲታሰብ፣ ወደ 150 ይወርዳል። በ150 መጋጠሚያ ላይ 210 ጭነን ነበር። ሰንጠረዡን ሙሉ ለሙሉ ስናመሳክር ሌሎች 11 ተመሳሳይ ቦታዎች ተገኙ። ብረቱ ገና ስላልተቆረጠ ጉዳቱ ከወረቀት አላለፈም፤ ያን ቀን ግን ማንኛችንም ስለ ሌላ ሥራ ማሰብ አልቻልንም።

መንስኤው

ለከባድ ሪአክሽን የሚሆን ደንብ በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። አንድ ባልደረባችን ከሦስት ሳምንት በፊት ሸሩ ከ150 ኪሎ ኒውተን በላይ ለሆነ ቢም የተለየ ዋጋ የሚሰጥ ደንብ ጽፎ ነበር። የጨመረው ግን ሰው ሁሉ አዲስ ነገር በሚጨምርበት ቦታ፣ ማለትም ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው። ፕሮግራሙ ከላይ ጀምሮ ሲፈትሽ ቁመቱ 300 የሆነው ቢም «ከ260 እስከ 379» ከሚለው ጠቅላላ ደንብ ጋር አስቀድሞ ይስማማል፤ ከዚያ በታች ያለው ልዩ ደንብ አንድም ጊዜ ሳይነበብ ቀርቷል። ደንቡ ትክክል ነበር፣ ፋይሉ ትክክል ነበር፣ ቦታው ብቻ ስሕተት ነበር።

ሁለተኛው መንስኤ ከዚህ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ደንቡ ወደ ላይ ቢወጣ እንኳ አይሠራም ነበር። ባልደረባችን ያሰበው የብሎኑን ብዛት ወደ አራት ማሳደግ ነበር፤ ከላይ የተቆረጠው አይፒኢ 300 ግን የሚቀረው ቀጥተኛ ዌብ ወደ 229 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 290 ሚሊ ሜትር ፕሌት አይገባበትም፤ ርቀቱን ወደ 60፣ ጫፉን ወደ 30 ብናጠብም 240 ይሆናል፤ ያም አይገባም። መፍትሔው የመጋጠሚያውን ዓይነት መለወጥ ነበር። ብሎኖቹ በሁለት መሥመር ግራና ቀኝ የሚሰለፉበት ኤንድ ፕሌት ቁመቱ ያው 220 ሆኖ ስድስት ብሎን ይይዛል። አውቶዲፎልትስ ይህን ውሳኔ ሊወስን እንደማይችል ከላይ ተናግሬአለሁ። ዓይነትን የሚመርጠው ሌላው መሣሪያ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ደግሞ ስለ ኃይል አንድም ደንብ አልጻፍንም።

ሦስተኛው የተገኘው እነዚህን ስንፈልግ በአጋጣሚ ነው። በሥራው መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው በ14 የአይፒኢ 240 መጋጠሚያዎች ላይ የፕሌቱን ውፍረት በእጁ 8 ሚሊ ሜትር ብሎ ሞልቶ ነበር። በኋላ የመሣሪያው ክብደት ስለጨመረ ቢሞቹ ወደ አይፒኢ 360 ተለወጡ። ነባሪ ደንቡ እንደሚጠበቀው የብሎኑን ብዛት ከ2 ወደ 3 አሳደገ፤ ውፍረቱ ግን 8 ሆኖ ቀረ። የፕሮግራሙ አሠራር ይህ ነው፦ ሰው በእጁ የሞላውን ዋጋ ራሱ የሚሞላው ደንብ አይነካውም። አሠራሩ ተገቢ ነው፤ መሐንዲስ አውቆ የወሰነውን ነገር ማሽን ሊሽርበት አይገባም። ነገር ግን ውጤቱ ግማሹ በደንብ የሚመራ፣ ግማሹ በቀድሞው ቢም ላይ የቆመ መጋጠሚያ ሆነ፤ ምልክቱም እንደ ሌሎቹ አረንጓዴ ነበር።

የተወሰደው እርምጃ

በመጀመሪያ የደንቦቹን ቅደም ተከተል ገለበጥነው። ከላይ በፕሮፋይል ስም የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች፣ ቀጥሎ በኃይል የተወሰኑት፣ ከዚያ በኋላ በቁመት የተወሰኑት ጠቅላላ ደንቦች ተቀመጡ። አዲስ ደንብ የሚጨምር ሰው ከየትኛው ደንብ በላይ እንደሚያስቀምጠውና ለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ለሁለተኛ ሰው እንዲያሳይ ወሰንን፤ ከዚህ በፊት የምንነጋገረው ስለ ደንቡ ይዘት እንጂ ስለ ቦታው አልነበረም።

ቀጥሎ የዓይነት ምርጫውን በኃይል ላይ አቆምነው። ለእያንዳንዱ ፕሮፋይል የፊን ፕሌቱ አቅም ተሰልቶ፣ ከእርሱ ዝቅ ያለ ወሰን ተወሰደ፤ ለአይፒኢ 300 ይህ ወሰን 140 ኪሎ ኒውተን ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኤንድ ፕሌት ይሄዳል። ለምን ሁሉንም ኤንድ ፕሌት አላደረጋችሁም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ፊን ፕሌት ለተከላ ይቀላል፤ ቢሙ ከጎን ገብቶ ይታሰራል፣ የርዝመት ጥቃቅን ልዩነትም ይችላል። ኤንድ ፕሌት ግን የቢሙ ርዝመት በትክክል እንዲቆረጥ ይጠይቃል፤ ከዋናው ቢም በሁለቱም በኩል ፊት ለፊት ቢሞች ሲኖሩም ብሎኖቹን ስለሚጋሩ፣ አንዱ ሳይያዝ ሌላውን ማሰር ያስቸግራል። ስለዚህ ደንቡ ንዑስ ክፍሎቹ አንድ ወይም ሁለት መሆናቸውንም እንዲያይ ተደረገ፤ ሁለት ሲሆኑ ለሁለት ወገን የተዘጋጀው ቁጥር 142 ይመረጣል። ፓምፑ ሥር ያለው ቢም በስድስት ብሎን ኤንድ ፕሌት ሲታሰር የብሎኖቹ ጉዳይ ከነጭራሹ ተወገደ፤ በተበየደው የዌብ ቁመት ላይ ያለው ሸር ግን በጠባብ ልዩነት ነበር ያለፈው። መርማሪዋ ያን ስሌት ራሳቸው ደግመው ሠርተውታል።

ኃይሉ በደንቡ ውስጥ እንዲሠራ በየቢሙ ጫፍ መመዝገብ ነበረበት። ብዙ ጊዜ የወሰደው ሥራ የሪአክሽን ሰንጠረዡን ከስሌቱ ወደ ቢሞቹ መረጃ መሙላት ነበር። አስቸጋሪው ደግሞ መሙላቱ ሳይሆን ያልተሞላውን መለየት ሆነ፤ ኃይሉ ያልተመዘገበለት ቢም ቀላል ጭነት እንዳለው ተቆጥሮ ወደ ጠቅላላው ደንብ ይወርዳልና። ስለዚህ ጠቅላላ ደንቦቹም ቢሆኑ ከዜሮ የሚበልጥ ሸር እንዲጠይቁ አደረግን። መረጃ የሌለው ቢም ከሁሉም ደንብ አልፎ ወደ ማረፊያው ይወርዳል።

ማረፊያ ደንቡን ሙሉ በሙሉ ለወጥነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም እርምጃዎች የበለጠ ፍሬ ያፈራው ይህ ነው። ኤችኢኤ 200 በአንድ ቀን የተገኘው የተሰጠው መጋጠሚያ ለዓይን የማይመች ስለነበረ ነው። አይፒኢ 300 ስድስት ሳምንት የቆየው የተሰጠው መጋጠሚያ ያማረ ስለነበረ ነው። ማረፊያችን ለማያውቀው ሁኔታ ሁሉ ሥርዓት ያለው ሦስት ብሎን ሲያድል አለማወቁን ይሸፍን ነበር። አሁን ማረፊያው የሚፈጥራቸው ፕሌቶች በሞዴሉ ውስጥ ሌላ ምንም ነገር የማይጠቀምበት የክላስ ቁጥር (ፕሮግራሙ የክፍሎችን ቀለም የሚለይበት ቁጥር) ተሰጣቸው፤ በዚህም ምክንያት በደማቅ የተለየ ቀለም ይታያሉ፤ በመጋጠሚያው የኮድ ቦታ ላይም «ያልተወሰነ» የሚል ጽሑፍ ይገባል፤ ሳይታይ ቢያልፍ እንኳ በሥዕሉ ላይ ይወጣል። ለውጡን ባደረግንበት ቀን ሞዴሉ በቀለም ተሞላ፤ ከሩብ የማያንሱት ቢሞች ኃይላቸው እንዳልተመዘገበ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

በእጅ የተሞሉትን በተመለከተ፣ 14ቱን መጋጠሚያዎች ከፍተን ውፍረቱን ራሱ ወደሚሞላው አማራጭ መለስነው። በእጅ መሙላትን አልከለከልንም፤ የሚሞላ ሰው ግን በኮዱ ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የቢም መጠን በተለወጠ ቁጥርም ያ ምልክት ያለባቸው ብቻ ተመርጠው እንደገና ይታያሉ።

በመጨረሻ ከሥራው ሞዴል ውጭ አነስተኛ የመሞከሪያ ሞዴል ሠራን። ለእያንዳንዱ ደንብ ሁለት ቢም አለው፤ አንዱ ከወሰኑ በታች፣ አንዱ ከወሰኑ በላይ። ለአይፒኢ 300 ለምሳሌ 139 እና 141 ኪሎ ኒውተን የተመዘገበባቸው ሁለት ቢሞች አሉ፤ የመጀመሪያው በፊን ፕሌት፣ ሁለተኛው በኤንድ ፕሌት ካልታሰረ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል ማለት ነው። ደንብ በተነካ ቁጥር ይህ ሞዴል አስቀድሞ ይሮጣል፤ የሚወስደውም ደቂቃዎች ብቻ ነው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ በኃይልና በስም በተወሰኑ ሁለት ደንቦች መካከል ሌላ የቦታ መዛባት ስላገኘንበት፣ ከዚያ ወዲህ ሳይሮጥ ያለፈ ለውጥ የለም።

ሥዕሎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲላኩ መርማሪዋ ሰንጠረዣቸውን ይዘው በጭነቱ የከበዱትን ሁሉ አንድ በአንድ ተመልክተው አሳለፉ። ከዋናው ቢም ጋር በ90 ዲግሪ የማይገናኙት 9 ንዑስ ቢሞች ግን እስከ መጨረሻው በማረፊያው ቀለም ቆዩ። ሰያፍ ለሆነ ፊን ፕሌት የብሎኑ መሥመር ርቀትና የብየዳው ሁኔታ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ደንብ አልጻፍንላቸውም፤ እያንዳንዳቸው በእጅ ተሰልተው፣ ስሌቱ ከተፈረመ በኋላ ብቻ ቀለማቸው ተለወጠ።